የጭሮው ኮድ ለማኝ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ሻንጣ ሸለሙኝ። ጎማ ያለው፣ ትልቅ፣ ጥቁር ሻንጣ። እኔ እንግዲህ ከጭሮ ወዴትም የምሄድ ሰው አይደለሁም። ቤቴም፣ ቤተ ክርስቲያኔም፣ የቀበርኳቸው ወላጆቼም እዚሁ ናቸው። ታዲያ ሻንጣ ምን ለማለት ነው? ሲያጨበጭቡ እያየሁ "እነዚህ ሰዎች ከቢሮው አልፎ ከከተማውም እንድለቅላቸው ነው እንዴ?" አልኩ በሆዴ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ዙሪያውን አየችና "አንተ ሰው፣ ስጦታ እኮ ነው፤ አንዴ እንኳ ዝም ብለህ ተቀበል" አለችኝ። ተቀበልኩ። ግን ኪሶቹን አንድ በአንድ ፈትሼ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ጠባዬን ቀድማችሁ እንድታውቁት ነው። ተጠራጣሪ ነኝ። ሰው ፈገግ ሲልልኝ ምን ሊጠይቀኝ ነው እላለሁ። የሚገርመው ደግሞ እንጀራዬ "አትጠራጠሩ፣ ያላችሁን ክፈቱ" እያልኩ ሰው ማግባባት መሆኑ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች እየዞርኩ፣ ገንዘብ ከፍለው ለራሳቸው ፕሮግራም ያሠሩ ድርጅቶችን እለምናለሁ፦ ከፕሮግራማችሁ ውስጥ ለሌላውም የሚበጀውን ክፍል ለሕዝብ ክፈቱት፤ ማንም አይቶት፣ ወስዶት፣ አርሞት ይጠቀምበት። ክፍት ኮድ የሚሉት ነገር ነው። በደብዳቤ ላይ ስሜ "የሶፍትዌር ትብብር ባለሙያ" ነበር። የከተማው ሰው ግን "ኮድ ለማኙ" ብሎ ጨረሰው። ባጃጅ ላይ ስወጣ ሹፌሩ ዞር ብሎ "ዛሬስ ማንን ሊለምኑ ነው?" ይለኛል።

ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ነው። ያኔ እኛ ዘንድ ኮምፒውተር በወሬ እንጂ በዓይን አይታወቅም። የገባሁት ከጋሽ ምናሴ ዘንድ ነው። ጋሽ ምናሴ የየቢሮውን የጽሕፈት መኪና የሚጠግን፣ መዝሙር እያንጎራጎረ የሚሠራ፣ እንደኔው ጴንጤ የሆነ ሰው ነበር። አሁንም ድረስ እጄ የሚሠራው እሱ ባሳየኝ መንገድ ነው።

መኪና ሊያሠራ የመጣን ሰው "ነገ ና" ብሎ አይሰድም። ያስቀምጠዋል። ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ያነጥፍና ብሎኖቹን በፈታበት ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራል። ክዳኑን ሲያነሣ መሬት አያስቀምጠውም፤ "እስቲ ያዝልኝማ" ብሎ ለባለቤቱ ያሸክመዋል። ሰውየው ክዳኑን ታቅፎ፣ ከመኪናው አፍ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ይቀመጣል። ያኔ ጠጋኝ ሁሉ ሌባ ነው ተብሎ ይታማ ነበር፤ ደህናውን ሞላ አውጥቶ የዛገውን ያስገባል ይባላል። ጋሽ ምናሴን ግን ማንም አላማውም። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ከክዳኑ ሥር በእርሳስ ምን እንደለወጠ ይጽፋል።

"ይሄ ለማን ነው?" አልኩት አንድ ቀን።

"ነገ ለሚከፍተው ጠጋኝ።"

"ሌላ ጠጋኝ እኮ ተፎካካሪህ ነው፣ ጋሼ!"

"መኪናው ግን የእሱም የእኔም አይደለም፤ የጸሐፊዋ ነው" አለኝ። ከዚያ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና "ታምራት፣ አንተ ራስህ ሰው አታምንም። ሰውስ አንተን ስለምን ይመን? ክዳኑን ከፍተህ ሥራ" አለኝ። ሲናገረኝ ተቆጥቼ ነበር። ምን ለማለት ፈልጎ ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ ሳብሰለስል ሰነበትኩ።

ኮምፒውተር ሲመጣ የጽሕፈት መኪናው ሞተ፤ ጋሽ ምናሴም ብዙ አልቆየ፣ አረፈ። እኔ ድሬዳዋ ሥልጠና ወስጄ የኮምፒውተር ጠጋኝ ሆኜ ተመለስኩ። መጀመሪያ የመደቡኝ ሚኤሶ ነው። ሚኤሶ ሙቀቱና አቧራው ከሰው ቀድሞ ማሽን ይገድላል። እዚያ የነበረው አለቃዬ ከእኔም የባሰ ተጠራጣሪ ነበር፤ ለምሳ ሲወጣ የኮምፒውተሩን ማውስ ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍባታል። "ያለሷ ምንም አይሠራም" ይል ነበር ቁልፉን ኪሱ እየከተተ። ደመወዙ ደመወዝ አይባልም ነበር፤ እሱን እንተወው። ግን መልመዱ አልቀረም፤ ፕሮግራም መጻፍም ማንበብም ለመድኩ፣ በኋላም ወደ ጭሮ ተመለስኩ።

ጭሮ እንደተመለስኩ ነው አንድ ከውጭ የታገዘ ፕሮጀክት መጥቶ በዚያ ሥራ ላይ የተመደብኩት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሂርና ያለው ወፍጮ ቤት ከፍሎ ያሠራውን ነገር በደሳ ያለው መጋዘን እንደገና ከፍሎ ለምን ያሠራል? ክፍሏ አንድ ከሆነች አንዱ ይክፈት፣ ሌላው ይውሰድ፣ ስሕተት ያገኘ ያርም። አዳራሽ ውስጥ ሲነገር ጥሩ ነው። ነጋዴ ፊት ሲነገር ግን ሌላ ነው።

የሂርናው ባለ ወፍጮ "ኮዱን ከሰጠሁህ እኔ ምን ይቀረኛል?" አለኝ።

"እሱው ራሱ ይቀርዎታል።"

"ሰጥቼህ?"

"አዎ፣ ሰጥተውኝ።"

ልጁን ጠርቶ "ይሄን ሰውዬ በሩ ድረስ ሸኘው፤ መጋዘኑን ግን እንዳታሳየው" አለ። ወላሂ አልፈረድኩበትም። እኔ ብሆን እስከ መኪና መናኸሪያው አስከትልበት ነበር። ሌላው "ከግብር ነህ?" ይለኛል። ሌላው "ማን ላከህ?" ይላል። ጥቂቶች ትንንሽ ነገር ሰጡኝ፤ አንድ መድኃኒት ቤት የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን የሚለውጥ ክፍል ከፈተልኝና እንደ ሠርግ ደስ አለኝ።

ዋናው ነገር የመጣው ከጭሮ ራቅ ካለችው ገጠር፣ ከቦኬ ነው። የጤና ጣቢያውን ፕሪንተር ልጠግን ሄጄ፣ አዋላጇ ሲስተር ጀሚላ ሥራዬን እስክጨርስ ጠብቃ አጠገቤ ቆመች። ፈጣን፣ ቀጭን፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት።

"ጋሽ ታምራት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይስቁብኝ" አለች። "ምጥ ሲከፋብኝ አምቡላንስ የምጠራው ከጭሮ ነው። ኔትወርኩ ይጠፋል። ጉብታው ላይ ወጥቼ እጽፋለሁ፤ መልእክቱ አንዳንዴ በማግሥቱ ይደርሳል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይደርስም። የሐጂ ዩያ ሹፌሮች ግን ከዚሁ መንገድ ሲጽፉ አንድም አይጠፋባቸውም አሉ። ጫቱ ይደርሳል፣ እናቶቹ አይደርሱም። ይሄ እንዴት ነው?"

መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? ማን ልኳት ይሆን አልኩ። የሐጂ ዩያ ተፎካካሪ ኦቦ ሙሜ በእሷ በኩል የሐጂን ምስጢር ሊያስወጣኝ ይሆን? ጠባይ ነው፣ ምን ላድርግ። ቀና ብዬ ሳያት ግን ዓይኗ ቀልቷል፤ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። አፈርኩ።

ሐጂ ዩያ ከጭሮ ጫት ጭነው ወደ ታች የሚልኩ፣ ሚኤሶ ገበያ ከብትም የሚነግዱ ትልቅ ሰው ናቸው። መልእክት የምታደርሰውን ፕሮግራም የጻፈችላቸው ደቦራ የምትባል የጭሮ ልጅ ናት፤ ተቀጣሪያቸው ነች። አሠራሯ ጥሩ ነበር፤ ልጅቷ ጎበዝ ናት። የሹፌሩ ስልክ ላይ ያለችው ክፍል ኔትወርክ ሲጠፋ መልእክቱን ይዛ ትቆያለች፤ ከጭሮ "ደርሷል" የሚል መልስ እስኪመጣላት ደጋግማ ትልካለች። ሹፌሩ ሲጽፍ ሰዓቱን ራሱ ያስገባል፤ የርካሽ ስልክ ሰዓት አይታመንምና። ጭሮ ያለው ኮምፒውተር የዘገዩትን መልእክቶች በተጻፈው ሰዓት ይደረድርና የመጨረሻውን ቃል ብቻ በትልቁ ያሳያል። የቀረውን ያጠፋል፤ ስልኩም ያጠፋል። ይሄን ያዘዙት ሐጂ ናቸው። "ሹፌሬ ቢያዝ ስልኩ ላይ ምንም አይገኝ" አሉ። ምን እላለሁ፣ ተጠራጣሪ ተጠራጣሪን ያውቀዋል።

ሐጂን ያገኘኋቸው ሚኤሶ ከብት ገበያ ነው። ከአንድ ሰው ጋር ፎጣ ከላይ ጥለው፣ ከፎጣው ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው ዋጋ ይነጋገራሉ። በእኛ አገር ከብት የሚሸጠው እንዲህ ነው፤ ጣት በመንካት። ዙሪያውን የቆመ ሰው ማን ስንት እንዳለ አያውቅም። ሲጨርሱ ቀረብኩና የቦኬን ነገር ነገርኳቸው።

"አቦ ታምራት፣ ለእናት የሚሆን ከሆነ ስንት ያስፈልጋል? ልርዳ" አሉኝ።

"ገንዘብ አይደለም ሐጂ። ኮዱን እንዲከፍቱት ነው።"

ፊታቸው ተለወጠ። "በዚያ ውስጥ እኔ የት እንደምጭን አለ። ለማን እንደምልክ አለ። ሙሜ ያነበዋል!"

"ሐጂ፣ እኔ ጣትዎን አሳዩኝ አላልኩም። ፎጣውን ያውሱኝ ነው ያልኩት።"

በንግግሬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ መንገድ ላይ ስለማመደው ነው የመጣሁት። እሳቸው ግን ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ እየጣሉ "ፎጣው ሲነሣ ጣቱ ይታያል" ብለውኝ ሄዱ።

ለአንድ ዓመት ያህል እንዲህ ተከራከርን። ደቦራ እንኳ ለመነቻቸው፤ የንግዱን ቃላት ሁሉ አውጥቼ በሌላ ፋይል እቆልፋለሁ፣ የሚከፈተው ማድረሻው ብቻ ይሆናል አለቻቸው። "አንቺም ከታምራት ጋር ሆንሽ?" አሏት። በመጨረሻ ሲስተር ጀሚላ ራሷ ጭሮ ወርዳ ደጃቸው ቆመች። ያኔ ተሸነፉ፣ ግን በግማሽ። "ይሁን፣ ትጠቀምበት። ግን እንደታሸገ። ማንም ውስጡን አያይም።" እኔም ከምንም ይሻላል አልኩ። ደቦራ ለቦኬ ስልክና ለአምቡላንሱ ቢሮ ጫነችላቸው። ቃላቱ ሁለት ብቻ ናቸው፦ "ኑ" እና "ቀረ"፤ ቀረ ማለት ጥሪው ተሰርዟል፣ አትምጡ ነው።

ወራት ሠራ። ሲስተር ጀሚላ "አላህ ይስጥልኝ" እያለች ትደውልልኝ ነበር። ከዚያ ያ ቀን መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋዜማውን አንዲት ወላድ ከብዷት አምቡላንስ ተጠርቶላት ነበር፤ በጠዋት ይመጣል ተባለ። ሴትዮዋ ግን ጎህ ሲቀድ በሰላም ተገላገለች። ሲስተር ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ "ቀረ" ብላ ጻፈች። ኔትወርክ የለም። ወዲያው የአንድ ገበሬ የኦቦ አልዪ ሚስት በቃሬዛ መጣች፤ ልጁ በሆዷ ውስጥ ተጣሞ ነበር። ሲስተር አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ "ኑ" ብላ ጻፈች። ኔትወርኩ ሲመለስ ሁለቱም አብረው ጭሮ ገቡ። በአምቡላንሱ ቢሮ ስክሪን ላይ የወጣው ግን "ቦኬ፦ ቀረ" የሚለው ነው፣ በቀይ። አምቡላንሱ አልተነሣም። ረፋድ ላይ አይሱዙ ተለምኖ እናቲቱ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው ዛሬም ያመኛል። የቢሮው ሰው "ቀረ ነው የሚለው፣ በዓይኔ አይቻለሁ" ብሎ ማለ። እሱም አልዋሸም። ሲስተር "ኑ ብያለሁ" ብላ ማለች። ስልኳን ብታሳይ ባዶ ነው፤ ከደረሰ በኋላ ያጠፋላ! ጭሮም ያለው ጠፍቷል። ሰው ታዲያ ማንን ይመን? ማሽን አይዋሽም አሉ። ተኝታ ነው፤ ተሳስታ ጽፋ ነው፤ ካጠፋች በኋላ ጠራሁ አለች። ኦቦ አልዪ በገበያ መሐል ረገማት። የቦኬ ሴቶች ምጥ ሲይዛቸው ወደ ጤና ጣቢያው መሄድ ተዉ፤ ቤታቸው መውለድ ጀመሩ። አንድ ቀን ብሄድ ማዋለጃው ክፍል አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ ሲስተር ብቻዋን ተቀምጣለች።

"ጋሽ ታምራት፣ እርስዎስ ያምኑኛል?" አለችኝ።

አምንሻለሁ አልኳት። እንዴት እንደማስረዳ ግን አላውቅም ነበር፤ የታሸገ ነገር ነው፣ ምኑን ከፍቼ ላሳይላት? ሐጂ ደቦራን ጠረጠሩ፤ ደቦራ ሲስተርን ጠረጠረች፤ ሲስተር ሐጂን። እኔ ሁሉንም። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ዓመት የወደቅኩበት ጊዜ የለም።

የሚገርመው፣ የሐጂን እጅ የፈታው ልመናዬ አይደለም፤ ሐሜት ነው። የሲስተር ዘመዶች ደግሞ በተራቸው "የነጋዴው ማሽን ነው ልጁን የገደለው" ማለት ጀመሩ። የቦኬ ጫት አምራቾች የሐጂን ሰዎች ፊት ይነሡ ጀመር። ሐጂ አንድ ቀን ቢሮዬ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ።

"አቦ ክፈት ክፈት ስትለኝ አልነበር? እንግዲህ ክፈተው! ሁሉም ይየው! ውስጡ ንጹሕ ነው፤ ሴትዮዋ ናት የዋሸችው!"

"እርግጠኛ ነዎት ሐጂ?"

"ወላሂ ክፈት!"

ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? ነገ ይከሱኝ ይሆን ብዬ በሁለት ምስክር አስፈረምኳቸው። ደቦራ የንግዱን ቃላት አውጥታ ለብቻ ቆለፈች። የቀረውን ማንም ሊያነብ፣ ሊወስድ፣ ሊያርም ይችላል የሚል ፈቃድ ጽፈን ኢንተርኔት ላይ አወጣነው።

መጀመሪያ ያነበበው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኦቦ ሙሜ! ሙሉውን አሳትሞ ለራሱ ፕሮግራመር ሰጠ፤ ሐጂ የት የት እንደሚጭን ፈልግልኝ ብሎ። ወዳጅ ቢሆን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ "ጎበዝ" ብሎ ይተወው ነበር። ጠላት ግን ፊደል በፊደል ያነባል። ከሳምንታት በኋላ ኦቦ ሙሜ ጥርሱ ቀድሞት ቢሮዬ ገባ።

"ኮድ ለማኙ፣ እንካ ምጽዋት!" ብሎ አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጣለ። አንድ መስመር በቀይ ተከቧል። "የሐጂ ፕሮግራም የንጋቱን አሥራ ሁለት ሰዓት አያውቅም። ቀኑን ከአንድ ሰዓት ጀምሮ አሥራ ሁለት ላይ ነው የሚጨርሰው። አሥራ ሁለት ካልከው ማታ ነው ብሎ መጨረሻ ያደርገዋል። ሃ ሃ! ትልቁ ሐጂ!"

እኔ አልሳቅኩም። ወረቀቱን አየሁ፣ እንደገና አየሁ። የንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ ይደረደራል። "ቀረ" ከ"ኑ" በኋላ ይመጣል። ኦቦ ሙሜ ፊቴን ሲያይ ሳቁን አቋረጠ።

"ምነው?" አለኝ። ከዚያ ራሱ ገባው። "የቦኬው ልጅ... በዚህ ነው እንዴ?"

"በዚህ ነው" አልኩት። እሱም ወጥቶ ሄደ፤ በማግሥቱ ግን ፕሮግራመሩ እርማቱን ሠርቶ ላከልኝ፣ ምንም ሳንጠይቀው። ምን ፈልጎ ነው ብዬ መስመር በመስመር መረመርኩት። ንጹሕ ነበር።

ደቦራ ወረቀቱን ስታይ ወንበር ሳትፈልግ መሬት ላይ ተቀመጠች። "ሹፌሮቹ ንጋት ላይ አይጽፉም እኮ" አለች ለራሷ። "ጫቱ ያኔ ገና ይለቀማል። ሲሠራልን ኖሯል፤ አንድም ቀን አልተሳሳተም።" እውነቷን ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የጫትን ቀን ነው። ሕፃን ግን ጎህ ሲቀድም ይመጣል። ይሄን ማንም አላሰበውም፤ ለማሰብም ማንም እንዲያየው አልተፈቀደም።

ሐጂ ዘንድ ሁለታችን ሄድን። መጀመሪያ የጠየቁት "ማን አገኘው?" ብለው ነው።

"ኦቦ ሙሜ።"

"ውሸት! እሱ ራሱ አስገብቶበት ነው!"

ደቦራ ከአምቡላንሱ ቢሮ ያመጣነውን ኮምፒውተር ከፈተች። ከቦኬ ያመጣነውን፣ የታሸገው ፕሮግራም ያለበትን የድሮውን ስልክም አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ሐጂ፣ ይሄን ሙሜ አልነካውም። ራስዎ ይጻፉበት" አለች። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው በአውራ ጣታቸው ጻፉ፦ አሥራ ሁለት ተኩል፣ ቀረ። ከዚያ፦ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ኑ። ስክሪኑ ላይ በቀይ ወጣ፦ ቀረ። አጠፉና ደገሙት። ቀረ። ሦስተኛ ሊጽፉ እጃቸውን ዘረጉና መለሱት።

"ሴትዮዋ ጠርታለች" አሉ።

"ጠርታለች፣ ሐጂ።"

"እኔ እኮ ዋሽታለች ብዬ ነው ያስከፈትኩት።" መነጽራቸውን አወለቁ። ሙሜ ይነግረዋል፣ ከሚነግርብኝ እኔ ልንገር የሚሉ መስሎኝ ነበር፤ እኔ ብሆን የማስበው እሱን ነው። እሳቸው ግን "ቦኬ እንሂድ" አሉ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አስቀድሜ ልንገራችሁና ቦኬን መጨረሻ ላድርገው። እርማቱ ገባ። ፕሮግራሟን የበደሳም የገለምሶም ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ ሐጂን ማንም አላስፈቀደም፣ ማስፈቀድም አያስፈልግም ነበር። ከዚያ በኋላ እንኳ አዲስ ቦታ ይዤ ስሄድ "በነጻ? ምን ደብቃችሁበታል?" ይሉኝ ነበር። የሂርናው ባለ ወፍጮ እስካሁን አልከፈተም። ሐጂና ሙሜም አልታረቁም፤ የሙሜ ፕሮግራመር ግን እስከ ዛሬ ስሕተት ባገኘ ቁጥር ይልካል፣ ሐጂ እየበገኑም ደቦራ ታስገባዋለች።

ቦኬ የሄድነው በሐጂ መኪና ነው። ሐጂ ሁለት ሽማግሌ ይዘዋል። ኦቦ አልዪ ከእርሻ ተጠርቶ መጣ፤ እጁን ሳይታጠብ። ሽማግሌዎቹ ዱዓ ካደረጉ በኋላ ሐጂ በኦሮምኛ ተናገሩ፤ አልተሸፋፈኑም። ጥፋቱ የእኔ ማሽን ነው፣ ሰዓት ያምታታል፣ ሴትዮዋ በሰዓቱ ጠርታለች፣ ውስጡ እንዳይታይ ያሸግኩትም እኔ ነኝ አሉ። ስለ ልጁ የሽማግሌ ፍርድ ምን ቢሆን እቀበላለሁ አሉ።

አልዪ አቀርቅሮ ሰማ። ይቆጣል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ በሩ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አይቼ ተቀምጫለሁ። እሱ ግን ቀና ሲል ሐጂን አላያቸውም።

"እኔ ያቺን ሴት በገበያ መሐል ረግሜያታለሁ" አለ። "ሚስቴ ደግሞ አሁን እርጉዝ ናት። ወደሷ አትሄጂም ብያታለሁ።"

ተነሣ። ማንንም ና አላለም፤ እኛ ግን ተከተልነው። መንገድ ላይ ሰው ሲያየን "ምን ሆኑ?" እያለ ይጨመርብን ጀመር፤ ጤና ጣቢያው ስንደርስ ግማሽ መንደር ሆነናል። ሲስተር ጀሚላ በረንዳው ላይ የታጠበ አንሶላ ታሰጣ ነበር። ዞር ስትል ያን ሁሉ ሰው አየች፤ ከፊት አልዪን፣ ከኋላው ሐጂን፣ እኔን፣ ሽማግሌዎቹን። አንሶላው ከእጇ ወደቀ። ወደ ግድግዳው አፈገፈገችና "አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?" አለች።

አልዪ ደረጃው ሥር ቆመ፤ ከዚያ አንሶላውን ከመሬት አንሥቶ አቧራውን አራገፈና ሰጣት።

"ጠርተሽ ነበር" አላት። "ሲስተር፣ ጠርተሽ ነበር።"

አንሶላውን እንደታቀፈች በረንዳው ላይ ተቀመጠች።